ፍየሎቹ ታመኑ፣ ብሩስ ግን ተሳቀበት

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቤት መጥታ ሳሎን ተቀምጣ ሳለ አንድ የቡና ፓኬት አንስታ ማንበብ ጀመረች። ፓኬቱ የተገዛው እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ነው። ቡናው እዚሁ ጅማ ዞን ካለችው ከጎማ ወረዳ ነው። ጽሑፉ ግን «መቶ በመቶ አረቢካ» ይላል።

«ጋሼ፣ ቡናው የጎማ፣ ስሙ የአረብ። እንዴት ነው ነገሩ?» አለችኝ።

መልሱ አጭር ነው። በ1753 ካርል ሊኒየስ የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ለቡና ሳይንሳዊ ስም አወጣ። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን በኩል ስለነበር ተክሉ የአረብ ተብሎ ተመዘገበ። በቃ። ጅማና ከፋ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ተክል በሻጩ አገር ስም ተጠራ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው። ስለ ፈረንጅ አሰያየም እያወሩ በፈረንጅ መቁጠር ምን ይሉታል እንዳትሉኝ። ገብቶኛል።)

ለካ የልጅቷ ጥያቄ ከፓኬቱ ብቻ የመጣ አልነበረም። ክፍል ውስጥ «ኦሪየንታሊዝም» የሚባል ነገር ተነሥቶ ለሚቀጥለው ሳምንት ውይይት ተዘጋጁ ተብለዋል። እስከ ማታ ስናወራ ዋልን። ካወራነው የተወሰነውን እዚህ ላስፍረው።

ኤድዋርድ ሰዒድ በ1935 ኢየሩሳሌም የተወለደ ፍልስጤማዊ ነው። ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር ነበር። «ኦሪየንታሊዝም» የተባለውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1978 ነው። ኦሪየንታሊስት ማለት ድሮ አረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ሳንስክሪት ወይም ግዕዝ የሚያጠና ሰው ማለት ነበር፤ የተከበረ ሙያ። ከሰዒድ በኋላ ስድብ ሆኗል ማለት ይቻላል። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ስሙ ቀድሞም መሸርሸር ጀምሮ ነበር። ግብጻዊው አንዋር አብደል ማሊክ በ1963 ሙያው ቀውስ ውስጥ ገብቷል ብሎ ጽፏል። በ1973 ደግሞ ፓሪስ ላይ ጉባኤ የተቀመጡት ሊቃውንት ራሳቸው ስሙን ጥለውታል።

የሰዒድ ክስ «ፈረንጅ ዋሸብን» ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ባላከራከረ። ነገሩ ረቀቅ ይላል። አውሮፓ ስለ ምሥራቅ ስትጽፍ ስለ ራሷም ትጽፋለች ነው የሚለው። ምሥራቁ ሰነፍ ከሆነ ምዕራቡ ትጉህ ይሆናል። ያኛው በስሜት የሚነዳ ከሆነ ይኸኛው በአእምሮ የሚመራ ነው። ሥዕሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይተላለፋል። አዲሱ ተጓዥ አገሩን ከማየቱ በፊት የፊተኛውን ተጓዥ አንብቧል፤ ሲደርስ ዓይኑ የሚፈልገው ያነበበውን ነው። በዚያ ላይ ጉልበት አለ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ ሲገባ ከጦሩ ጋር ከ150 በላይ ሊቃውንት ጭኖ ነበር። መድፉም ማስታወሻ ደብተሩም አብረው ነው የተሻገሩት።

ሰዒድ የሚያነሣት አንዲት ሴት አለች። ኩቹክ ሀኔም ትባላለች፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር ግብፅ ውስጥ ያገኛት ጨፋሪ ናት። እሱ ስለ እሷ ጻፈ። እሷ ስለ ራሷ የተናገረችው ነገር የትም የለም። «የምሥራቅ ሴት እንዲህ ናት» የሚለው ሥዕል ግን እንዲህ ካለ ጽሑፍ ተቀድቶ ዓለምን ዞረ። እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ የያዘኝ ይሄ ነው፤ ተጽፎባት የማትጽፈው ሴት።

መልስ ሰጪው ብዙ ነበር። ዋናው የመካከለኛው ምሥራቅ ታሪክ ሊቁ በርናርድ ሉዊስ ነው። በ1982 አንድ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በግሪክ መሰለው። እስቲ ግሪኮች ተነሥተው «የጥንት ግሪክን የሚያጠኑ የአውሮፓ ሊቃውንት ሰድበውናል፣ ዝም ይበሉ» ቢሉ ምን ይባላል? ዕውቀት ዕውቀት ነው፣ ፖለቲካ አታድርጉት ለማለት ነው። ሰዒድም ዝም አላለም፤ እዚያው መጽሔት ላይ መለሰለት። ምሳሌው ብልህ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በዘመናችን የጥንት ግሪክን ያጠና ሰው አቴና ላይ ገዥ ሆኖ አልተሾመም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የእንግሊዛዊው የአረብ ታሪክ አጥኚ የሮበርት ኧርዊን ይመስለኛል። በ2006 ሙያውን ደግፎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ከክርክሮቹ አንዱ ጀርመንን ይመለከታል። በምሥራቅ ቋንቋዎች ጥናት ግንባር ቀደም ከነበሩት ጀርመኖች ይገኙበታል፤ አረብ አገር ግን ቅኝ ግዛት አልነበራቸውም። ታዲያ ጥናት የቅኝ ግዛት አሽከር ከሆነ ጀርመኖቹ ለማን አሽከር ሆኑ? ሰዒድ እነሱን ብዙም ሳይነካ ማለፉ ድክመት ነው፤ ራሱም ጀርመኖቹን መተዉን አልሸሸገም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይመጣል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ሆኖም በ1681 ትልቁን የኢትዮጵያ ታሪክ አሳተመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። ይህን ሁሉ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሮም ላይ በ1649 ተገናኙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጎታ ከተማ ድረስ ጠርቷቸው ሄዱ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጠየቁ፣ መለሱ። ሉዶልፍም መምህሩን አልደበቃቸውም፤ በስማቸው ጠርቷቸዋል። ይህ የኩቹክ ሀኔም ታሪክ አይደለም። ለኧርዊን ነጥብ እንያዝለት።

ግን ጅማ ላይ ተቀምጦ ለሚያነበው ሌላ ነገር ይታየዋል። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ የደገኛ ካህን። ለሉዶልፍ ኦሮሞውን ሲገልጹ የገለጹት እንደ ጠላት ነው። በዘመናቸው ጦርነት ነበርና አይደንቅም። ይሁን እንጂ አውሮፓ ስለ ደቡቡ ሕዝብ የተማረችው በዚያ ዓይን ነው። ፈረንጁ ሲጽፍ የራሱን ጭፍን አመለካከት ብቻ አይደለም የሚጽፈው፤ የነጋሪውንም ጎረቤት ጥላቻ አብሮ ይገለብጣል። ሰዒድን በምዕራብና በምሥራቅ ብቻ ከፍሎ የሚያነብ ሰው ይሄ ያመልጠዋል።

እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊበን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያውያን ያለው ይታወቃል። በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከበው ሺህ ዓመት ያህል ተኙ፤ የረሳቸውን ዓለም እነሱም ረሱት አለ። አብዛኛው አንባቢያችን የሚናደደው «ተኙ» በሚለው ነው። እኔን የሚያሳክከኝ «ጠላቶች» የሚለው ነው። ጠላቶቹ እነማን ናቸው? በአብዛኛው ሙስሊሞች። በዚያ ሥዕል ውስጥ የጅማ ሰው ቦታው ከአጥሩ ውጭ ነው። ይህን ሥዕል ደግሞ እኛም ሲያመቸን ተጠቅመንበታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ አገራቸውን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አሉ። በዚያው ዓመት ጅማ ላይ ለምኒልክ እየገበሩ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነበሩ፤ ሙስሊም ንጉሥ። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው አሁንም ቆሟል። ደብዳቤው የዲፕሎማሲ ጥበብ ነበር፤ በቅኝ ገዥዎች መሐል ለነበረ ንጉሥ ምን ይፈረድበታል። ፈረንጁ መስማት የሚወደውን አውቀው ነገሩት። ብቻ አንዴ የተነገረ ሥዕል ተናጋሪውንም መልሶ ያስራል።

ወደ ጊቤ አገር የመጡትስ ምን ጻፉ? ፈረንሳዊው ዡል ቦረሊ በ1888 ጅማ ደርሷል፤ ያየውን በመጽሐፍ አውጥቷል። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቼኪ ከዚያ ቀድሞ ጎረቤታችን ጌራ ላይ ታስሮ ከረመ። የተጓዘበትን በሦስት ቅጽ ጻፈ፤ ዛሬም የጊቤን ነገሥታት ታሪክ የሚያጠና ሰው ሊያልፈው አይችልም። ግን የእስረኛ ዓይን ነው። የታሰረበትን አገር ፈርቶና ተናድዶ ያየ ሰው ነው። ይኸው ቼኪ ኋላ የኢጣሊያ ቆንስል ሆኖ በ1896 ሞቃዲሾ አጠገብ ተገደለ። አሳሽ ሆኖ ጀምሮ የመንግሥቱ ወኪል ሆኖ ጨረሰ። ሰዒድ ይህን ቢያውቀው ይደሰትበት ነበር ብዬ ለልጅቷ ነገርኳት።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ሌላው ጣሊያናዊ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው። ሊቅነቱን ማንም አይክድም። በ1922 የኦሮሞ ግጥሞችን፣ ተረቶችንና የቃል ታሪኮችን ሰብስቦ አሳተመ። ሎራንሲዮስ ወልደ ኢየሱስ የተባለ ኦሮሞ ነጋሪ ነበረው፤ ስሙን ጽፎታል። ያ መጽሐፍ ባይኖር ብዙ ግጥም ከአዛውንት ጋር ይቀበር ነበር። በ1927 እና 28 ምዕራብ ኢትዮጵያን ተዘዋወረ። ከዚያ ፋሺስት መጣ። ጅማ ከ1936 ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ተደረገች፤ በዚያ ዘመን የተሠሩት ቤቶች ከተማው ውስጥ አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። ቼሩሊም በምሥራቅ አፍሪካ ኢጣሊያ አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። ግጥማችንን ያዳነልንና የገዛን አንድ ሰው ነው። ሉዊስ «ዕውቀቱን ውሰድ» ይለኛል። ሰዒድ «ማን እንዳመጣው አትርሳ» ይለኛል። እኔ የሁለቱንም ምክር ነው የምከተለው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ የሚለኝ ሰው መጽሐፉን ያላነበበ ይመስለኛል።

ደግሞ ሌላ ሉዊስ አለ። ኸርበርት ሉዊስ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው፤ ከበርናርድ ጋር እንዳታምታቱት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጅማ መጥቶ ሽማግሌዎችን ጠየቀ። በ1965 ስለ አባ ጅፋር ጅማ ያወጣው መጽሐፍ ጅማ ጠንካራ አስተዳደር የነበረው መንግሥት መሆኑን አሳየ፤ ሹሞች፣ ኬላ፣ ገበያ፣ ሁሉም በሥርዓት። ኦሮሞ መንግሥት አልነበረውም የሚለውን ወሬ የሚያፈርስ ሥራ ነው። ርዕሱ ላይ ግን ዛሬ ስድብ የሆነው የድሮ ስም ነበር። በ2001 እንደገና ሲታተም ስሙ ተነሥቶ «ኦሮሞ» ተባለ። ውስጡ ያከበረውን ሕዝብ ሽፋኑ ይሰድብ ነበር ማለት ነው፤ 36 ዓመት ሙሉ። ይኸው ኸርበርት ሉዊስ በ1998 በእነ ሰዒድ መንገድ አንትሮፖሎጂን የሚከስሱትን ተቃውሞ ጽፏል። ሙያችን የሚባለውን ያህል ክፉ አልነበረም ነው የሚለው። በራሱ መጽሐፍ ከሄድን ግማሽ እውነት አለው። ርዕሱን ካየን ደግሞ ሌላው ግማሽ የከሳሾቹ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ልጅቷ ስልኳን እየነካካች ስለነበር የሰማችኝ አልመሰለኝም። ድንገት ቀና ብላ «ታዲያ እኛስ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ናት።

ሶርያዊው ሳዲቅ አል አዝም በ1981 ሰዒድን ሲተች አንድ ቃል ጨመረ፤ የተገለበጠ ኦሪየንታሊዝም። ፈረንጁ የሣለውን ሥዕል ተቀብለን ከሥሩ «አዎ፣ እና ኮርተናል» ብለን ስንፈርም ማለት ነው። «እነሱ ገንዘብ አላቸው፣ እኛ ፍቅር አለን» እንላለን አይደል? ማን ነው ምሥራቅ ማለት መንፈስ፣ ምዕራብ ማለት ቁስ ነው ያለን? ፈረንጅ የሚለውንስ ቃል ተመልከቱት። ከፍራንኮች ስም መጥቶ በእኛ አፍ ስዊድኑንም፣ ግሪኩንም፣ አሜሪካኑንም አንድ ከረጢት ከተተ። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አለን። ሊኒየስ በቡናው የሠራውን እኛ በሰው እንሠራዋለን። (በእርግጥ እኛ ጦር አላስከተልንም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።)

አንድ ሌላ ልጨምር። «ኢትዮጵያ የሕዝቦች ሙዚየም ናት» የሚለውን በትምህርት ቤትም በቱሪዝም ወረቀትም አንብባችኋል። በኩራት ነው የምንለው። ሐረጉን ያስፋፋው ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ነው። ይኸው ሊቅ ወረራው በተጀመረበት በ1935 ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ዕድገት አቅም የላትም የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ሁለቱ ሐሳቦች ዘመዳሞች ናቸው። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ አይንቀሳቀስም፤ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠባቂው ማን እንዲሆን እንደታሰበ መናገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ፤ ነገሬ እዚያ ነው ያለው።

ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ ጎንደር የቆየ ስኮትላንዳዊ ነው። በ1774 ሎንዶን ተመልሶ ያየውን አወራ። ሰዎቹ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ አለ። ሎንዶን ሳቀች። ቁርጥ ቤት ፊት ለፊት ለቆመ የጅማ ሰው ይሄ ምኑ ያስቃል? (ከቆመች ላም ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ያለውን ለጊዜው እንተወው።) ስመ ጥሩው ሳሙኤል ጆንሰን ሰውዬው እውነት እዚያ ሄዷል ወይ ብሎ ጠረጠረ። ጆንሰን ራሱ በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጽፎ ነበር፤ አገሩን ሳያይ። የሄደው ሰው ተጠረጠረ፣ ያልሄደው ተነበበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጆንሰን ልዑል እንደ ሎንዶን ፈላስፋ ያስባል፤ ለአንባቢው ይጥማል። የብሩስ ሰዎች ግን ቁርጥ ይበላሉ።

በሌላ በኩል በ1671 ሮም ላይ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ ማሮናዊ (የሊባኖስ ክርስቲያን) መምህር ስለ ቡና አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አንድ እረኛ ከብቶቹ ሌሊት አልተኛ አሉት ይላል። ግመሎች ናቸው፤ ሌሎች እንደሚሉት ደግሞ ፍየሎች። ቦታው የመን ነው። እረኛው ስም የለውም። መነኮሳቱ ፍሬውን አፍልተው ጠጡ፣ እነሱም አልተኙም። አለቀ። ካልዲ የለም፣ ከፋ የለም፣ ጮጬ የለም። ስሙም አገሩም ኋላ ነው የተለጠፈው። ዛሬ ግን ጎማ ያለው ሰው ጮጬ ላይ ነው የተገኘው፣ እረኛውም ካሊድ ይባላል ይላል። ከፋ ያለው ደግሞ ማኪራ ነው ይላል። በመሐል ሆነን እንጣላለን፤ ሮም ላይ በታተመች፣ ስለ የመን በምታወራ ወረቀት! ቡናው ከዚህ መሆኑን የሚመሰክረው ጫካው ነው። ፍየል አያስፈልገውም ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡት። ብሩስ ያየውን ተናግሮ ተሳቀበት። የፍየሎቹ ተረት ግን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ «ምዕራባውያን ስለኛ እውነት ጻፉ ወይስ ዋሹ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አያራምደንም ባይ ነኝ። እኔ የምጠይቀው የትኛው ወሬ ጆሮ አገኘ፣ ለምን አገኘ የሚለውን ነው። ሰዒድን በዚህ በኩል ያነበበው ሰው ብዙ ትርፍ አለው። ኧርዊን ስሕተቶቹን ቢለቅምበትም ይህ ነጥብ አይነካም።

ማታ እናቴ ከጸሎት ተመለሰች። ልጅቷ ወዲያው ያዘቻት።

«እማማ፣ ስለ ካልዲና ስለ ፍየሎቹ በልጅነትሽ ማን ነገረሽ?»

«የምን ፍየል?» አለች እናቴ። «እኔ ስለ ፍየል የሰማሁት ከቴሌቪዥን ነው። እናቴ ግን ቡናውን በቅቤ ጠብሳ ታበላን ነበር። መንገድ የሚሄድ ሰው ይቋጠርለታል። ያን የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ አይርበውም።»

እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። ምክንያቱም ይህንኑ ብሩስ ጽፎታል። ኦሮሞዎች ሩቅ መንገድ ሲወጡ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በቅቤ ለውሰው፣ አድበልብለው በቆዳ ከረጢት ይይዛሉ ይላል። በ1790 የታተመ ነው። የተሳቀበት ሰውዬ እናቴ ያለችውን ነው ያለው።

ልጅቷ ደስ አላት፤ ለውይይቱ ምንጭ አገኘች። ደብተሯን አውጥታ «ጄምስ ብሩስ፣ 1790» ብላ ከነቅጹ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «አያቴም ብላለች» ብላ ጨመረች።

«ስሟን ጻፊ እንጂ» አልኳት።